ሳሉን ያስቆምኩት እኔ ነበርኩ

 

ዛሬ ስለ ራሽን አልጽፍም። ስለ ፕሮሰስም አልጽፍም። የኛን ኬዝ ለምትጠይቁኝ፣ አሁንም እየጠበቅን ነው፤ አዲስ ነገር ሲኖር እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሳል ነው። «ሳል ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማቸውንም ያሉበትን ካምፕም አልጠቅስም። «መምህር፣ የኔም ልጅ እንደ ወንድምህ ጡንቻ የሚያደክም በሽታ አለበት። ጉንፋን ከያዘው አምስት ቀኑ ነው። ደረቱ በአክታ ተሞልቷል፤ ማሳል ግን አቃተው። የሳል ሽሮፕ ልግዛለት ወይ?» ይላል መልእክታቸው። ያየሁት ክፍል ልገባ ስል ነበር። ተማሪዎቼን ትንሽ ጠብቁኝ ብዬ እዚያው በር ላይ ቆሜ ደወልኩላቸው። «እማማ፣ ሽሮፑን ይተዉት። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት» አልኳቸው። ለምን እንደዚያ እንደተጣደፍኩ በስልክ ሁሉንም መንገር አልቻልኩም። ስለዚህ ለእሳቸውም ለእናንተም እዚህ ልጻፈው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ካምፕ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የምጽፈው ቤቴ ውስጥ ያየሁትንና ከባለሙያ የተማርኩትን ነው።

ታናሽ ወንድሜን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እማዬ እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የምትለው፤ እሱ ግን 19 ዓመቱ ነው። አገር ቤት እያለን፣ አምስት ዓመት ሳይሞላው መውደቅ አበዛ። ከመሬት ሲነሳ እጆቹን ጉልበቱና ጭኑ ላይ እየተከለ፣ በራሱ ገላ ላይ እንደሚወጣ ሰው ነበር የሚነሳው። ባቱ ደግሞ ወፍራም ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄ ልጅ ኳስ ተጫዋች ይሆናል» ይል ነበር። እማዬ ጠበል ወሰደችው፤ ወጌሻም አየው። ከአገር ስንወጣ አሥር ዓመቱ ነበር፤ የመንገዱን ብዙውን ክፍል በጀርባዬ ነው ያመጣሁት። በ11 ዓመቱ መራመድ አቆመ። የበሽታውን ስም የሰማነው ኬንያ ከገባን በኋላ ነው፤ ዱሼን ማስኩላር ዲስትሮፊ ይባላል። ጡንቻን ከጉዳት የሚጠብቅ ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን ሰውነቱ ስለማይሠራ ጡንቻው ቀስ በቀስ ያልቃል። በአብዛኛው የሚይዘው ወንዶች ልጆችን ነው። የማንም ዓይን፣ የማንም እርግማን አይደለም።

እኛ በሽታውን የእግር በሽታ አድርገን ነበር የያዝነው። ዊልቸር ስናገኝ ትልቁን ችግር የተወጣን መሰለን። የደረትና የሆድ ጡንቻም ጡንቻ መሆኑን፣ ማሳልም ጉልበት እንደሚጠይቅ አስቤው አላውቅም ነበር። ሰው በጤናው ጊዜ ስንት ጊዜ እንዳሳለ ይቆጥራል?

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የካኩማ አቧራ በባሰበት ወቅት፣ ቤታችን ውስጥ ጉንፋን ገባ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እማዬን፣ በመጨረሻ ማሙሽን ያዘው። እኔና እማዬ በሳምንታችን ዳንን። እሱ ግን ሌሊት ሌሊት እያሳለ እንቅልፍ አጣ። ሳሉ ደግሞ ደካማ ነበር፤ «እህ፣ እህ» ብቻ። አክታው እስከ ጉሮሮው መጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። እማዬ ዝንጅብልና ማር አፈላች፤ ጀርባውን መታች፤ ቪክስ ቀባችው። በሦስተኛው ቀን እኔ ገበያ ሄጄ ከአንድ መድኃኒት ቤት ሳል የሚያስታግስ ሽሮፕ ገዛሁ። ሻጩን «ጠንከር ያለውን ስጠኝ፤ እንቅልፍ የሚያስተኛውን» ያልኩት እኔ ነኝ። ለዚያውም ከመምህር አበሌ ላይ ቆርጬ።

መድኃኒቱ ሠራ። ሳሉ ቆመ። ማሙሽ ተኛ። እማዬ «ተመስገን» ብላ እሷም ከአምስት ሌሊት በኋላ ጋደም አለች። እኔም ደስ ብሎኝ የተማሪ ፈተና ማረም ጀመርኩ።

ወገኖቼ፣ ያን ሌሊት ያስቆምኩት በሽታውን አልነበረም። አክታውን የሚያወጣበትን የቀረችውን ትንሽ አቅም ነው ያስቆምኩት። በማግስቱ ከንፈሩ መልኩን ቀይሮ፣ ስንጠራው ዓይኑን ገልጦ መልሶ የሚከድን ሆነ። በቦዳ ሊቀመጥ አይችልም፤ ጎረቤት ተሯሩጦ መኪና አገኘልን።

የወሰድነው ጤና ተቋም ስሙ ይቅር፤ ማንንም ልከስ አይደለም የምጽፈው። ኦክስጅን አደረጉለት። ጣቱ ላይ በምትደረገው መሣሪያ ቁጥሩ ወዲያው ወደ ላይ ወጣ፤ ሁላችንም ተነፈስን። እሱ ግን ይብስ እየተኛ ሄደ። ማታ የገባች አንዲት ነርስ ቁጥሩን ሳይሆን ልጁን አየችው። «ይሄ ልጅ አየር እያወጣ አይደለም» ብላ ሐኪም ጠራች፤ በዚያው ሌሊት ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ የመተንፈሻ ጡንቻው ለደከመ ሰው ችግሩ ኦክስጅን ማነስ ብቻ አይደለም። የተቃጠለውን አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ማስወጣት ያቅተዋል። ኦክስጅን ብቻውን ሲሰጠው ቁጥሩ ያምራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። አክታውም እዚያው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኦክስጅን አያስፈልገውም ማለት አይደለም። የሚያስፈልገው ከትንፋሽ እገዛና ከሳል እገዛ ጋር፣ በሐኪም ክትትል ነው።

ማሙሽ በማስክ አየር በሚገፋ ማሽን ታግዞ፣ ለሳንባ ምቹ መድኃኒት ተሰጥቶት፣ ከ16 ቀን በኋላ ወጣ። ከመውጣታችን በፊት አንዲት ኬንያዊት ፊዚዮቴራፒስት አልጋው አጠገብ አስቀመጠችን። «ወደ ቤት የምትወስዱት መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ እጃችሁንም ነው» አለችን። ያስተማረችን ነገር ይኸው ነው።

ሳል ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሰው አየር በደንብ ወደ ውስጥ ይስባል። ቀጥሎ ጉሮሮው ላይ ያለው በር ይዘጋል፤ የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ከታች ይጨምቃሉ፤ ግፊት ይጠራቀማል። ሦስተኛ በሩ በድንገት ሲከፈት አየሩ አክታውን ይዞ ይወጣል። ለተማሪዎቼ በላስቲክ ጠርሙስ አሳይቻቸዋለሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት አየር ካለ ብትጨምቀው የሚወጣ ነገር የለም። ሞልቶ ቀስ ብለህ ብትጨምቀውም ፍጥነት የለውም። መሙላትም፣ መዝጋትም፣ በኃይል መጭመቅም ያስፈልጋል። የማሙሽ መሙያውም መጭመቂያውም ደክሟል፤ በሩ ግን ደህና ነው። ስለዚህ የጎደለውን እኛ እንሞላለን።

የሳልን ኃይል በቁጥር መለካት ይቻላል። አስም ያለባቸው ሰዎች የሚነፉባትን ትንሽ መሣሪያ ታውቋታላችሁ፤ በእሷ ያስሉበታል። ጤነኛ አዋቂ ሲያስል አየሩ በደቂቃ ከ360 ሊትር በላይ በሆነ ፍጥነት ይወጣል። ከ270 በታች የሆነ ሰው ጉንፋን ሲይዘው አደጋ ላይ ነው። ከ160 በታች ከሆነ አክታ ማውጣት አይችልም ማለት ይቻላል። ማሙሽ ብቻውን ሲያስል 190 ነበር። ሳንባው በአምቡ ባግ ተሞልቶ፣ ሆዱ በእጅ ሲገፋ 300 ደረሰ። ቁጥሩን ሳይ እንባዬ መጣ። ልዩነቱ የውጭ አገር ቪዛ አልነበረም፤ አንድ የፕላስቲክ ከረጢትና ሁለት እጅ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬኑ በተያዘ ዊልቸር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ካልሆነም በጀርባው ይተኛል። በአፉ ወይም በማስክ በኩል በአምቡ ባጉ አንድ ጊዜ አየር እንሰጠዋለን፤ አያስወጣም፤ ሁለተኛ እንጨምራለን፤ ሦስተኛ እንጨምራለን። ሳንባው ሲሞላ ይይዘዋል። እጅ የሚቀመጠው ከእምብርት በላይ፣ ከጎድን አጥንት በታች ነው፤ አጥንቱ ላይ ወይም የደረቱ አጥንት ጫፍ ላይ አይደለም። ሊያስል ሲል፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ፈጠን ብሎ መግፋት ነው። ሦስት አራት ጊዜ፤ ከዚያ ዕረፍት።

ሲነገር ቀላል ነው። ቤት ስንገባ የመጀመሪያውን ሳምንት አልረሳውም። እኔ ቀድሜ እገፋለሁ፤ ወይም ዘግይቼ እገፋለሁ። እሱ ያመዋል፤ ይቆጣል። እማዬ «ሆዱን ልታፈነዳው ነው ወይ!» ብላ እጄን ታነሳለች። አንድ ቀን ማሙሽ «በቃ! እኔ ጆንያ አይደለሁም» ብሎኝ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። እውነቱን ነው። እኔ ፎርሙላውን ነበር የማየው እንጂ እሱን አላየሁትም።

ያስተካከለችን እማዬ ናት። በሦስተኛው ቀን «እስቲ ዞር በል» ብላኝ ራሷ እጇን አደረገች። 19 ዓመት ሙሉ ትንፋሹን ስትሰማ ያደረች ሴት ናት፤ ልኩን ከሰዓት ይልቅ ታውቀዋለች። ሲስብ አብራ ትስባለች፤ ሲያስል አብራ ትገፋለች። በመጀመሪያው ሙከራዋ አንድ ትልቅ የአክታ ቋጥኝ ወጣ። ማሙሽ ሳቀ። እሷ አለቀሰች።

ቆጠራውን ደግሞ ያመጣልን ጎረቤታችን የሆነ ደቡብ ሱዳናዊ ተማሪዬ ነው። አማርኛ አይችልም፤ እኛም የሱን ቋንቋ አንችልም። አምቡ ባጉን ሲጨምቅ በስዋሂሊ ይቆጥራል፦ «ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ።» ከታቱ በኋላ ማሙሽ ዓይኑን ይጠቅሳል፤ እማዬ ትገፋለች። የሚያዝዘው ማሙሽ ነው። እሱ ሳይጠቅስ ማንም አይገፋም። ይህን ሕግ ካወጣን ወዲህ ጠብ የለም።

ማሽንም አለ። አየር በማስክ ወደ ሳንባ ይገፋና ወዲያው ገልብጦ በኃይል ይስባል፤ ልክ እንደ ሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፖሊዮ የመተንፈሻ ጡንቻቸውን ላሽመደመደባቸው ሰዎች የተሠራ ነው። ዛሬ ባደጉት አገሮች ብዙ ሕመምተኞች ቤታቸው አላቸው። ዋጋው ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፤ መብራትም ይፈልጋል። ጉሮሮው የደከመ፣ አየር መያዝ የማይችል ሰው ግን ከእጅ ይልቅ ማሽኑ ሊያስፈልገው ይችላል። ለዚህ ነው እጅ ይበቃል ብዬ የማልጽፈው። መብታችንን መጠየቅ አለብን፤ እስክናገኝ ድረስ ግን ልጆቻችን መተንፈስ አለባቸው።

አሁን ለዚያች እናትና መሰሎቻቸው ዋና ዋናውን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ልጃችሁ ወይም ዘመዳችሁ የጡንቻ በሽታ ካለበት፣ ጉንፋን ሳይመጣ በጤናው ጊዜ «የሳሉ ኃይል ይለካልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። አምቡ ባጉንም በደህናው ቀን በየዕለቱ መለማመድ ሳንባው እንዳይጨማደድ ይረዳል። እሳት ሲነሳ ውኃ ፍለጋ አይኬድም።

ሁለተኛ፣ ሳል የሚያፍን ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አትስጡ። ይህን የምለው የሰጠሁ ሰው ነኝ።

ሦስተኛ፣ ከዩቲዩብ አይታችሁ ብቻ አትግፉ። አንድ ጊዜ እንኳ ባለሙያ እጃችሁን ይዞ ያሳያችሁ። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው አጥንቱ ይሳሳል፤ ጎድኑ ሊሰበር ይችላል። ሳንባው ተቀዶ አየር ያፈሰሰበት ወይም በቅርቡ ሆዱን የተቀደደ ሰው፣ ሐኪም ሳይፈቅድ አይነካም።

አራተኛ፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው አይደረግም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ አለዚያ ያስመልሰውና ወደ ሳንባው ይገባል።

አምስተኛ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆነው አምቡ ባግ የገባው አየር እንዳይመለስ የሚያደርግ ቫልቭ አለው። ስለዚህ ትንፋሹ ለቆመ ሰው ማዳኛ አይሆንም። የኛ ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ በትልቁ «ለሳል ብቻ» ብላ ጽፋበታለች። ራሳችሁ ለመሥራት አትሞክሩ።

ስድስተኛ፣ ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ቀን እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሌሊት እየባነነ የሚነሳ ከሆነ፣ ሌሊት ትንፋሹ እያነሰው ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ንገሩ። ጣት ላይ የምትደረገው መሣሪያ ካለቻችሁ፣ ጉንፋን ይዞት ከ95 በታች ስትወርድ አክታ እንዲያወጣ እርዱት፤ ካልተመለሰ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ስትሄዱም «የጡንቻ በሽታ አለበት፣ ማሳል አይችልም፣ ኦክስጅን ብቻውን አይበቃውም» ብላችሁ ተናገሩ። እኛ ይህን በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ጽፈን ዊልቸሩ ኪስ ውስጥ አስቀምጠናል። ስደተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ቋንቋ ያጥረዋል፤ ወረቀት አያጥረውም።

ባሕር ማዶ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በታመመ ጊዜ ገንዘብ ልካችኋል፤ ውለታችሁ ከፋይ የለውም። የአጎቴ ልጅ ከጅዳ የሳል ሽሮፕ በሰው ልካልን ነበር፤ በፍቅር እንደላከችው አውቃለሁ፤ አሁን ምክንያቱን አይታችኋል፤ እንዳትቀየመኝ። ከዚህ በኋላ መላክ የምትፈልጉ፣ መጀመሪያ ጠይቁኝ፤ እኔም ፊዚዮቴራፒስቷን እጠይቃለሁ። የሳል ኃይል መለኪያዋ፣ ቫልቭ ያለው ባግ፣ በልኩ የሆነ ማስክ፤ እነዚህ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዙም።

በዚህ ወር ጉንፋን እንደገና ቤታችን ገብቷል። አራት ሌሊት አልተኛንም። ትናንት ወዲያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሙሽ ቀሰቀሰኝ። ደረቱ ሞልቷል፤ ቁጥሩ 91 ነው። እማዬ እጇን አደረገች፤ ተማሪዬን በግድግዳው በኩል ጠራነው፤ ዓይኑን እያሸ መጣ። ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ። ምንም አልወጣም። ደገምን። አልወጣም። እኔ መኪና ልጠራ ስልኬን አነሳሁ። በሦስተኛው ዙር ወጣ። ግማሽ ሰዓት ያህል እየሠራንና እያረፍን ቁጥሩ 96 ገባ። ጠዋት ክሊኒክ ወሰድነው፤ መድኃኒት ተሰጠው፤ ዛሬ ቤቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚህች ሌሊት እኔ ፈተና እያረምኩ ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል አልላችሁም። በሽታው ወደፊት እየሄደ ነው፤ ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ማሙሽም ያውቃል። እጃችን በሽታውን አያድንም። ጉንፋን እንዳይገድለው ግን ያግዛል፤ ይህ ደግሞ ለኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ለራሱ አንብቤለታለሁ፤ ያለ ፈቃዱ ስለሱ አልጽፍም። ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ «ቪዲዮ ላክ ቢሉህ እንዳትልክ፤ አክታዬን አገር እንዲያየው አልፈልግም» አለ። ስለዚህ ቪዲዮ አትጠይቁኝ። ሁለተኛ፣ «እማዬ አለቀሰች ያልከው ልክ ነው፤ አንተም ማልቀስህን ግን ዘለልከው» አለኝ። ቁጥሩን ሳይ እንባዬ መጣ ብዬ ጽፌያለሁ ስለው «እሱን አይደለም፤ ስለ ሽሮፑ» አለ። እሺ። አልቅሻለሁ።

የእናትየዋ ልጅ እስከ ትናንት ሆስፒታል ነው። የሚያሳያቸው ባለሙያ እንዳገኙ ጽፈውልኛል። በጸሎታችሁ አስቡት። የጡንቻ በሽታ ያለበት ሰው የምታውቁ ደግሞ ይህን ሼር አድርጉላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ እኔ የማልችለውን ለሚያውቅ አቀርባለሁ።

ሰላም እደሩ።